ከቦዩ ወዲህ ያለው መሬት

ጥቅምት 4

ለተከበሩ ጋሼ፣

ይህን ወረቀት አስቀድሞ ጤናዎን እንዲጠይቅ፣ ወሬውን ከዚያ በኋላ እንዲያወራ አዝዤዋለሁ። እኛ ደህና ነን። እትዬም ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው። ትናንት ስሄድ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ባቄላ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። “ለወንድሜ ስትጽፊ ወፍራለች በይው፣ እንዳያስብ” ብለውኛል። አልወፈሩም፤ ግን አደራ ነውና ጽፌያለሁ።

አሁን ወደ ሥራዬ ልግባ። መሥሪያ ቤታችን የድሮውን የጦር ሜዳ ድንበር እንድቀይስ መድቦኛል። እንደሚያውቁት ከወንዙ ማዶ ካሉት ሰዎች ጋር የዛሬ ሰማንያ ዓመት ግድም ከተደረገው ጦርነት እስከ ዛሬ የሚጠበቀው ኮረብታውና ሐውልቱ ብቻ ነበር። አሁን ከተማው እየገፋ መጣ፤ ነዳጅ ማደያው ኮረብታው እግር ሥር ደርሷል። ስለዚህ ውጊያው የት ጀምሮ የት እንዳለቀ በካርታ ላይ መስመር ይሰመር ተባለ። ከመስመሩ ውስጥ የገባ መሬት አይቆፈርም፣ አይገነባበትም። ከመስመሩ ውጭ የቀረውን ባለቤቱ እንደ ፈለገ ያደርገዋል።

የእርስዎ ታችኛው ማሳ፣ ከቦዩ እስከ ቤቱ ያለው፣ አጠራጣሪው ቦታ ላይ ወድቋል። ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። አንደኛ፣ ማሳው ላይ ገብቼ እንድፈትሽ በጽሑፍ ይፍቀዱልኝ። ሁለተኛ፣ አንድ አሮጌ ካርታ ላይ በማሳው መሃል “የድንጋይ ክምር” የሚል ምልክት አለ። ዛሬ እዚያ ሣር እንጂ ድንጋይ የለም። ያደጉበት መሬት ነውና የሚያስታውሱት ካለ ይጻፉልኝ።

ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

የአክስትዎ የልጅ ልጅ፣ ቀያሿ


ኅዳር 2

ለቀያሿ ልጄ፣

እንደ ችካልሽ ቀጥ ብለሽ ቁሚልኝ፤ ክፉ አይንካሽ። በዚህ ዘመን ወረቀት የሚልኩልኝ አንቺና የመብራት መሥሪያ ቤት ብቻ ናችሁ፤ የአንቺው ግን ሲከፈት አያስደነግጥም።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚያው አውቶቡስ ጋራዥ የወንበር ሽፋን እሰፋለሁ። ሰው ወንበሩን በስለት ይቀደዋል፣ እኔ እሰፋዋለሁ፣ ተመልሶ ይቀደዋል። ወንበር ምን እንደበደለው አንድ ቀን አንዱን ይዤ ብጠይቀው ደስ ይለኛል። አለቃዬ “አንተ ባትኖር ሕዝቡ ቆሞ ይሄድ ነበር” ይለኛል። ደመወዝ ጨምርልኝ ስለው ደግሞ ቆሞ መሄድ ለጤና ጥሩ ነው ይላል።

ስለ ማሳው አትቸገሪ። አባቴ ጦርነቱን ሲያወራ ኮረብታውን እንጂ ማሳችንን ጠርቶ አያውቅም። ጠላት ወንዙን ተሻግሮ ሸሸ፤ አንቺም በትምህርት ቤት ዘምረሽዋል። ቦዩ አለልሽ አይደል? ቀድሞ የተሰመረ መስመር ነው። ካርታሽን በእሱ ላይ አሳርፊውና ዕረፊ።

ደግሞም ታችኛውን ማሳ ሲሚንቶ ለሚሉት ተቋራጭ ልሰጠው ተስማምቻለሁ፤ መጋዘን ይሠራበታል። እህቴንም ወደዚህ አመጣትና ጉልበቷን አሳክማታለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ነይ ስላት እንቢ አለችኝ። አሁን ግን እሺ ትላለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የፈቃዱን ነገር አስብበታለሁ። መንገድሽን ያቅናልሽ።

ጋሼሽ


ኅዳር 19

ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ለእትዬ አነበብኩላቸው። በወንበር ቀዳጁ በጣም ሳቁ። መጋዘኑ ላይ ስደርስ ግን ሳቃቸውን ቁርጥ አድርገው ተነሡና ወደ ውስጥ ገቡ። ጉልበታቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

የሆነውን እንዳለ ልንገርዎ። በመጀመሪያ የወንዙን ዳር ፈተሽኩ። ብረት የሚያሸት መሣሪያ አለን፤ እንደ መጥረጊያ ይዘነው እንሄዳለን፣ መሬት ውስጥ ብረት ሲያገኝ ይጮኻል። ሰው ከጦር ሜዳ ሲሸሽ ይጥላል። ዝናሩን ይጥላል፣ ኮዳውን ይጥላል፣ ከኋላውም ይተኮስበታል። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ዳሩን ላይና ታች አልን። ያገኘነው ሦስት የጠርሙስ ክዳንና አንድ ማንኪያ ነው። አንድም ጥይት የለም። ጋሼ፣ በዚያ ወንዝ የተሻገረ ጦር የለም።

ከዚያ ወደ ቦዩ መጣሁ። የእርስዎን ወሰን አልረገጥኩም። ከቦዩ ማዶ፣ ልክ በዳሩ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀለሃ በአንድ ረድፍ ተደርድሮ አገኘሁ። ሁሉም የእኛ ወገን ጠመንጃ ቀለሃ ነው። ሰው ከሰው ሲታኮስ ከወዲያ በኩል የመጣ እርሳስ አይጠፋም። እዚህ ግን አንድ እንኳ የለም። መሣሪያውን የሚይዘው ባልደረባዬ “እነዚህ ሰዎች ከማን ጋር ነበር የሚዋጉት?” አለኝ።

ኃላፊዬ ቸኩሏል። “በቦዩ ላይ አሰምሪው፤ ማንም አይከሰንም” ይለኛል። እኔ ያልፈተሽኩትን መሬት አላየሁትም እል ይሆናል እንጂ፣ ምንም አልነበረበትም ብዬ መፈረም አልችልም።

እባክዎ ፈቃዱን ይላኩልኝ። ስለ ድንጋዩ ክምር የጠየቅኩዎትንም ሳይመልሱልኝ አለፉ። ምናልባት ከእጅዎ አምልጦ ይሆናል።

አክባሪዎ፣ ቀያሿ


ታኅሣሥ 5

ለቀያሿ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ከእጄ ያመለጠ ነገር የለም።

ፈቃድ አልሰጥም። በማሳዬ ላይ ማንም መጥረጊያ ይዞ እንዲዞር አልፈልግም። እናትሽ ስታርፍ የስድስት ዓመት ልጅ ሆነሽ በማን ቤት ገባሽ? አባቴ ከራሱ ልጆች ሳይለይ አሳደገሽ፤ እህቴ ጠጉርሽን እየሠራች ፊደል አስቆጠረችሽ። ዛሬ የዚያን ቤት መሬት በችካል ልትወጊ ተነሣሽ። ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ሲሉ እሰማ ነበር፤ በእኔ ይደርሳል አላልኩም።

ሰማንያ ዓመት ያለፈው ነገር ማንን ጎዳ? ዝም አይነቅዝም። ተቋራጩ ከጥር በኋላ ሥራ ይጀምራል፤ ወረቀቱ ተፈርሟል።

እህቴን አንድም ነገር እንዳትጠይቂያት። ደም ግፊቷን ታውቂያለሽ።

ሌላ ጊዜ ምርቃቴ ረጅም ነበር። ዛሬ እጄ ደክሞታል።

ጋሼሽ


የካቲት 11

ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ወር የዘገየሁት ተቀይሜ ነው፤ ምን እዋሻለሁ። ዛሬም ቂሜ አልወጣም፤ ግን የሆነውን ሳልነግርዎ ብቀር ነውር ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሲሚንቶ ኤክስካቫተር አስጭኖ መጣ። እትዬ ሽርጣቸውን እንዳደረጉ ወጥተው ማሽኑ ፊት ቆሙ። ጎረቤት ደውሎልኝ ስደርስ ሾፌሩ ከላይ ሆኖ ይለምናል።

“እማማ፣ ይልቀቁ እንጂ፤ እንጀራዬ ነው።”

“አንተ ልቀቅ። የእኔ ደግሞ ቤቴ ነው።”

ሲሚንቶ ወረቀቱን አውጥቶ አሳያቸው። “ወንድምዎ ፈርሞልኛል እኮ።”

“ወንድሜ ሩቅ ነው። እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ። እዚያ አትቆፍሩ፤ እንግዶቹን ትቀሰቅሳላችሁ።”

ሲሚንቶ “እርጅና ነው” ብሎ ወደ እኔ ጠቀሰ። ሾፌሩ ግን ሞተሩን አጠፋ። “እኔ ይሄን አልቆፍርም፣ ሌላ ሰው ፈልግ” ብሎት ወረደ። እኔም በዚያው ቀን ከመሥሪያ ቤት የሠላሳ ቀን ማገጃ አስጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ።

እትዬን አልጠየቅኳቸውም አልልዎትም፤ ጠየቅኋቸው። “የምን እንግዶች ናቸው?” አልኳቸው። “በሩን ዝጊው፣ ነፋስ ገባ” አሉኝ። ነፋስ አልነበረም።

በማግስቱ ኃላፊዬ ጠራኝ። ሲሚንቶ ሄዶ ዝምድናችንን ነግሮታል። ሥራውን ስጀምር የሞላሁት ቅጽ ላይ “ከባለይዞታዎች ጋር ዝምድና አለሽ ወይ” የሚለውን ጥያቄ ባዶ ትቼው ነበር። ሥራውን እንዳይነጥቁኝ ፈርቼ ነው። “ለምን ደበቅሽኝ?” አለኝ። ለካ እርስዎን ስለ ዝምታዎ ስወቅስ እኔም የራሴ ነበረኝ። በመጋቢት መጨረሻ መዝገቡን ለሌላ ቀያሽ አስረክባለሁ። እሱ መስመሩን በቦዩ ላይ እንደሚያደርገው ከወዲሁ ነግሮኛል።

እንግዲህ ጋሼ፣ ዝም ካሉ የፈለጉት ይሆናል። አንድ ቃል መጻፍ፣ አንድ ፊርማ መፈረም አይጠበቅብዎትም። ይህን ሳልነግርዎ ብለምንዎት ማታለል ይሆንብኛል። አሁን ነገርኩዎት። አሁን እለምንዎታለሁ፤ እዚያ ማሳ ውስጥ ምን አለ?

ቀያሿ


መጋቢት 8

ልጄ ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ። አምስተኛውን በምሳ ሰዓት፣ ጋራዡ ውስጥ፣ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ቤቴ ሆኜ ብጽፈው ይህንንም እቀደዋለሁ።

የድንጋይ ክምሩ ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ አባቴ የእህል ጎተራ እንሥራ አለ። ድንጋዩን እያጋዝን ለጓዳው ግድግዳ ተጠቀምንበት፤ ድንጋይ በነፃ አገኘን ብለን ደስ ብሎን። ከዚያ እዚያው ቦታ ለመሠረት መቆፈር ጀመርን። ወገቤ ድረስ እንደገባሁ አካፋዬ አንድ ነገር መታ።

“ሥር ነው፣ ቁረጠው” አለ አባቴ ከላይ።

ሥር አልነበረም። አፈሩን በእጄ ጠረግሁት። ሰዎች ናቸው። ጎን ለጎን፣ ሁሉም በግንባራቸው ተደፍተው። የእጆቻቸው አጥንት ከጀርባቸው ላይ ተገናኝቶ በስልክ ሽቦ ተጠምዝዟል። ሽቦው ዝጓል፤ ጥምዝምዙ ግን አልተፈታም። አሥራ አንድ ድረስ ቆጠርኩ።

“አትቁጠር!” ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አለና “አባቴ ነው” አለ። እኔ አያቴ እዚያ ውስጥ ያለ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሱ ሌላ ነበር የሚለኝ።

“እጃቸውን ሰጥተው ነበር። የሚበሉት እህል፣ የሚጠብቃቸው ሰው የለም ተባለ። ወደዚህ አመጧቸው። የጠባቂዎቹ አለቃ አባቴ ነበር። ወንዙን ተሻግረው ሸሹ ተብሎ ተጻፈ። ይህን መሬት የሸለሙት ጀግና ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሰው እንዳያርሰው ነው። ድንጋዩንም የከመረው ራሱ ነው።”

የአያቴ ስም ሐውልቱ ላይ ከላይ ሦስተኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ። ለአንቺም ቅድመ አያትሽ ነው። በልጅነትሽ ጣትሽን ፊደሉ ውስጥ እየከተትሽ እንዳነበብሽው አልጠራጠርም፤ እኔም አንብቤዋለሁ።

አፈሩን መልሰን ደፈንነው። ጎተራው ከቤቱ ጥግ ተሠራ። አባቴ ለእናትህም፣ ለእህትህም፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ብሎ አስማለኝ። ሦስት ወር ሳይሞላ አገር ጥዬ ወጣሁ። ሰው ሥራ ፍለጋ ሄደ አለ፤ እኔም አዎ አልኩ። አባቴን ፊት ለፊት ማየት ነበር ያቃተኝ። እሱም ሳያየኝ ሞተ።

መጋዘኑን ለእህቴ ጉልበት ብዬ ነው ያልኩሽ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሲሚንቶ ይፍሰስበትና ይለቅ፣ በቃ፣ ከእኔ ይውረድ ብዬ ነው። ደብዳቤሽን እስከማነብ ድረስ የሚወርድ መስሎኝ ነበር።

ከጎተራው ጥግ ወደ ቦዩ ሠላሳ እርምጃ ቁጠሪ። ፈቃዱም ይኸው፣ ፈርሜበታለሁ። ያን የእጅና የጉርሻ ነገር ስለጻፍኩብሽ ይቅር በይኝ። እህቴ ግን ይህንን እንዳትሰማ። ሰምታ ትሞትብኛለች።

ጋሼሽ


ሚያዝያ 2

ለጋሼ፣

በመጀመሪያ ሰላምታዬን፣ ቀጥሎ ጥፋቴን ይቀበሉ። እትዬ እንዳይሰሙ ያሉኝን አልፈጸምኩም።

ደብዳቤዎን ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሜ አንብቤ ፊቴን ታጥቤ ነበር ወደ እሳቸው የሄድኩት። በር ላይ ገና ሲያዩኝ “ጻፈ?” አሉኝ።

“ምን?”

“ስለ እንግዶቹ ነዋ።”

ቁጭ አልኩ። እሳቸውም አጠገቤ ቁጭ አሉ። እንዲህ ብለው ነገሩኝ፣ በራሳቸው ቃል፦ “ያን ቀን ምሳ ይዤላቸው ወረድኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ አባቴ ተቀምጦ ያለቅሳል። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ወንድሜ ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል፤ እግሩ ሥር ያለውን አየሁት። ሳህኑን አጥሩ ሥር አስቀምጬ ተመለስኩ። ምሳውን ማን እንዳመጣው እስከ ዛሬ አንዳቸውም አልጠየቁኝም።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉ?” አልኳቸው።

“እሱ የረሳው መስሎኝ! ላስታውሰው? እሱ ደግሞ እኔ የማላውቅ መስሎት። እይው እንግዲህ፤ አርባ ዓመት አንድ ድስት ሁለት ሰው ሲከድነው።” ከዚያ ቀስ ብለው “ሁለት ጊዜ ለትዳር ተጠይቄያለሁ። ማሳውን ለማን ጥዬ ልሂድ? ሌላ ሰው ቢገባ ያርሰዋል” አሉ። ሣሩ ለምን ሳይታረስ እንደቀረ፣ ወደ እርስዎ ለምን እንዳልመጡ አሁን ገባኝ። ሁላችንም በግትርነታቸው ስንስቅ ነበር የኖርነው።

መዝገቡን ከማስረከቤ በፊት ደብዳቤዎን ለኃላፊዬ አሳየሁት። ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበውና በሩን ዘጋ። “ቀለሃው ይበቃናል” አለኝ። “መስመሩን እስከ ቤቱ እናምጣው፤ መዝገቡንም አንቺው ጨርሺው። ይህን ወረቀት ግን ወደ ቦርሳሽ መልሺው። ሐውልቱ ላይ ያለ ስም ማን ይነካል? እኔም ልጆች አሉኝ።”

ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቶ ነው። እኔም ፈርቻለሁ። የወረቀቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት። ቦርሳዬ ውስጥ ይቅር ወይስ መዝገቡ ውስጥ ይግባ?

ቀያሿ


ሚያዝያ 24

ልጄ፣

ምሳውን በልተነዋል።

ጉድጓዱን ደፍነን፣ እጃችንን ታጥበን፣ ሳህኑን አጥሩ ሥር አግኝተን ቁጭ ብለን በላን። እንዴት እዚያ እንደመጣ አንዳችንም አላሰብንም። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። እህቴን ምን ብዬ እንደማናግራት አላውቅም። ስልኩን አንሥቼ አስቀምጠዋለሁ።

መዝገቡ ውስጥ አስገቢው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ አያቴን በስሙ አትጥሪው። “ከጠባቂዎቹ አንዱ” በይው። አባቴ በዚያ ስም ይኮራ ነበር፤ እየፈራም ይኮራ ነበር። ዘመድ ሁሉ ምን ይለኛል?

እግዚአብሔር ልብሽን ያጽናው፤ ለእኔ የተረፈ ካለ ላኪልኝ።

ጋሼሽ


ግንቦት 16

ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ። የለመኑኝን ላደርግልዎ ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። “ከጠባቂዎቹ አንዱ” ከተባለ የሌሎቹ ጠባቂዎች ልጆች ሁሉ እየተጠራጠሩ ሊኖሩ ነው። በስሙ ጽፌዋለሁ። ከሥሩም የልጅ ልጅ ልጁ መሆኔን ጽፌያለሁ፤ ከእንግዲህ ባዶ የምተወው ቅጽ የለም።

የአጥንት ባለሙያዎች መጥተው ከፈቱት። ሠላሳ ያሉኝ እርምጃ ሠላሳ ሁለት ሆነ፤ እግሬ ከእርስዎ ያጥራል። ሰዎቹ አሥራ አንድ አይደሉም። ከሥር ሦስት አሉ፤ አሥራ አራት ናቸው። ሽቦው እንዳሉኝ ነው። ሰባቱ ላይ ቁጥር ያለው የአንገት ብረት ተገኘ። ቁጥሮቹን ለማዶዎቹ ልከን ስም ይዞ መልስ መጣ። ስማቸውን አነበብኩ፤ የሰፈር ሰው ስም ነው የሚመስለው።

ወሬው ወጣ። የሐውልቱ ኮሚቴ ሰዎች ገበያው መሃል ላይ ሰደቡኝ። የእትዬን በር በቀይ ቀለም “ከሃዲ” ብለው ጻፉበት። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አይተው “በሩ ቀለም ካየ ስንት ዘመኑ፤ ጉድለቱ ሌላውን ገጽ መተዋቸው ነው” አሉ። እኔ ስስቅ እሳቸው አልሳቁም። ማታ በሩን በብረት ይሸነጉራሉ። ሲሚንቶም ውሉን ቀዶታል።

ድንበሩን የሚወስነው ጉባኤ ሰኔ 14 ይቀመጣል። ኮሚቴው አጥንቱ የሌላ ዘመን ነው፣ ብረቱም ኋላ የተቀበረ ነው ይላል። ደብዳቤዎን ሳነብላቸው “የሌለ ሰው ወረቀት አይመሰክርም” አሉ። እትዬ ደግሞ “ወንድሜ ሳይቀድመኝ አልናገርም” ብለዋል። ምስክር ካልቆመ መስመሩ ወደ ቦዩ ይመለሳል። አሥራ አራቱም “ማንነታቸውና ዘመናቸው ያልታወቀ” ተብለው በሣጥን ይቀመጣሉ።

ይምጡ። ሌላ የምለው የለኝም።

ቀያሿ


ሐምሌ 6

ለልጄ ለቀያሿ፣

በሰላም ገባሁ፤ ለእህቴም ንገሪያት። አለቃዬ ሁለት ሳምንት የተጠራቀመ የተቀደደ ወንበር ቆልሎ ጠበቀኝ። እየሰፋሁ ያን ቀን አስባለሁ።

ከጉባኤው በፊት ከእህቴ ጋር ምን እንደተነጋገርን ጠይቀሽኝ ሳልመልስልሽ ሄድኩ። ምንም አልተነጋገርንም። በሩን ከፈተች፣ አየችኝ፣ “ሸብተሃል” አለችኝ። ከዚያ አብረን እስከ ማሳው ወረድን። ጉድጓዱ ላይ ሸራ ተወጥሯል። እሷ እጄን ያዘችኝ፤ ልጅ ሳለን መንገድ ስታሻግረኝ እንደምትይዘኝ። እኔ የስልሳ ዓመት ሽማግሌ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

አዳራሹ ውስጥ ያልኩትን ሰምተሽዋል። ሽቦውን ስናገር ኮሚቴው መሃል ያሉት ሽማግሌ ተነሥተው “ለውጭ አገር እንጀራ ብሎ አያቱን የሸጠ!” ሲሉኝ ወንበሬን በእጄ ፈለግሁት። ያኔ እህቴ ከኋላ ሆና “እሱ አልሸጠም፤ ተሸክሞት ነው የኖረው! እኔም አይቻለሁ፣ እኔንም ጻፉኝ!” ባትል ኖሮ እቀመጥ ነበር። አንድ ምስክር ሲለምኑ ሁለት አገኙ። መስመሩ ከቤቱ በስተኋላ አለፈ፤ ከመስመሩ ውስጥ የገባው ጎተራ ይፈርሳል፣ እህቴ በሕይወት እስካለች ከቤቷ አትነሣም ተባለ። የሐውልቱ ስም ለሌላ ስብሰባ ተቀጠረ። መቼ እንደሆነ እንጃ፤ ስንቱ ስብሰባ እንዲህ ተቀጥሮ ቀርቷል።

አንቺ ካርታው ላይ ለመፈረም ውስጥ ስትቀሪ የሆነውን ግን አላየሽም። በዚያ ግርግር ልነግርሽ አልቻልኩም፤ አሁን ልንገርሽ።

ደጅ ስወጣ አንድ የአርባ ዓመት ሰው ወደ እኔ መጣ። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፣ እጁ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። “ከማዶ ነው የመጣሁት፤ አስተማሪ ነኝ። ከሰባቱ ቁጥሮች አንዱ የአያቴ ነው” አለኝ። ይመታኛል ብዬ ቆምኩለት። ይገባኛልም ብዬ ነበር።

አልመታኝም። “አያቴ ሸሽቶ በሌላ አገር ሚስት አግብቶ ቀረ ነው የሚባለው” አለኝ። “አክስቴ አባቷን አታውቀውም፤ ገና በደረት ስትድህ ነው የሄደው። ‘የሸሺው ልጅ’ እየተባለች አደገች። እናቷ እስክትሞት ድረስ ረገመችው። አክስቴ አሁን ሰማንያ አልፏታል። የመንግሥት ወረቀት አነበብኩላት፤ አላመነችም። ‘ከዚያ ቤት ሰው ይጻፍልኝ፤ የገደለው ቤት ራሱ ከተናገረ አምናለሁ’ አለችኝ።”

“እጽፋለሁ” አልኩት። ብዕርም ወረቀትም ያወጣው እሱ ነው፤ ከደብተሩ መሃል ቀደደልኝ። የታክሲ ኮፈን ላይ አስደግፌ ጀመርኩ። እኔ የእገሌ የልጅ ልጅ ብዬ የአያቴን ስም ጻፍኩ፤ እንዳትጽፊው የለመንኩሽን ያንኑ ስም በገዛ እጄ። አሥራ አራቱ ሰዎች እጃቸውን ሰጥተው፣ ታስረው፣ በአያቴ ትእዛዝ በማሳችን ተገደሉ፤ አንዳቸውም አልሸሹም አልኩ። ፈርሜ ሰጠሁት።

ቆሞ አነበበው። የተማሪ ፈተና እንደሚያርም ጣቱን ከቃል ወደ ቃል እያሳለፈ እስከ መጨረሻው ሄደ። ሲጨርስ ወረቀቱን መለሰልኝ። ያጠፋሁት ነገር ያለ መስሎኝ ደነገጥኩ።

“‘አልሸሹም’ የምትለዋን ከፍ አድርገው ይጻፏት” አለኝ። “አክስቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ራሷ ማንበብ ትፈልጋለች።”

ከሥር በቀረው ባዶ ቦታ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ከፍ አድርጌ ጻፍኩላት።

ጋሼሽ